ካርታ በካርታ ላይ፦ ፒክሰል እየቆጠርኩ ሁለት ሐይቆችን እንዴት እንዳየሁ

በሰቃ ሐይቅ እየሰፋ መሆኑን ለመተሐራ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ውሃው መንገዱንና የባቡር ሐዲዱን ከፍ እስከማስደረግ ደርሷል። አቢጃታ ሐይቅ ደግሞ በተቃራኒው እየሸሸ ነው። ይህን ሁሉም ያወራል። እኔ የፈለግሁት ሠንጠረዡን ነበር። የትኛው መሬት መቼ ውሃ ሆነ? የትኛው ውሃ መቼ ደረቀ?

ለዚህ ጠቅላላ ስፋት አይበቃም። አንድ ሐይቅ በምሥራቅ በኩል ሸሽቶ በምዕራብ በኩል ቢሰፋ ድምሩ ያው ነው። ስለዚህ የተለያዩ ዓመታት ምስሎችን ደራርቤ እያንዳንዱ ፒክሰል (ምስሉ የተሠራባት ትንሿ ካሬ) ምን ምን እንደነበር መቁጠር ነበረብኝ።

ዳታው በነፃ ይገኛል። የአውሮፓ ኮሚሽን የጋራ ምርምር ማዕከል ከላንድሳት ሳተላይት ምስሎች ያዘጋጀው የዓለም የገጸ ምድር ውሃ ካርታ ነው። የሚጀምረው ከ1984 ሲሆን በየዓመቱ ለእያንዳንዱ ፒክሰል አንድ ቁጥር ይሰጣል። 0 ማለት ዳታ የለም፣ 1 ውሃ አይደለም፣ 2 ወቅታዊ ውሃ፣ 3 ቋሚ ውሃ። 2000ን፣ 2010ን እና 2020ን መረጥኩ (ሁሉም በፈረንጆቹ)። ከ2000 በፊት ላንድሳት የእኛን አካባቢ የሚያነሳው አልፎ አልፎ ስለነበር 0 ይበዛል። ዳታ በሌለበት ቦታ ለውጥ መፈለግ ደግሞ ልፋት ብቻ ነው።

ዝግጁ መሣሪያ ጠፍቶ አይደለም ኮድ የጻፍኩት። ግራስ በሚባለው የካርታ ሶፍትዌር ውስጥ አር.ክሮስ አለ። አርክጂአይኤስ የሚባለውም ሶፍትዌር ኮምባይን የሚባል አለው፤ የስፓሻል አናሊስት ፈቃድ ይጠይቃል እንጂ። ሁለቱም ለየጥምረቱ የራሳቸውን ተራ ቁጥር ይሰጣሉ። 17 ቁጥር ምን ማለት ነው? ሄደህ ሌላ ሠንጠረዥ ማገላበጥ ነው። እኔ ቁጥሩ ራሱ እንዲነበብልኝ ፈለግሁ።

መፍትሔው ቀላል ነው። የመጀመሪያውን ዓመት በ100፣ ሁለተኛውን በ10 አባዝቶ ከሦስተኛው ጋር መደመር። 133 ካየሁ በ2000 ደረቅ መሬት ነበር፣ ከዚያ ውሃ ገባበት፣ ቀረበት። 311 ከሆነ ውሃ ነበር፣ ደረቀ፣ አልተመለሰም። ከዚያ ነምፓይ በሚባለው የፓይተን የስሌት መሣሪያ ውስጥ ያለው ቢንካውንት እያንዳንዱ ቁጥር ስንቴ እንደመጣ ይቆጥራል። ዩኒክ የሚባለውም ይሠራል፤ ግን መጀመሪያ ሁሉንም በቅደም ተከተል ስለሚደረድር ትልቅ ምስል ላይ ያዘግማል።

እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። ምስሎቹ የሚከፈቱት በስምንት ቢት ነው። ስምንት ቢት ከ255 በላይ አይዝም። 311 ሲሰላ ምንም ሳይል ዞሮ 55 ይሆናል። የስህተት መልእክት የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። 133 ግን 255 ስለማይሞላ በትክክል ይወጣል። አስቡት እስኪ፦ የበሰቃ ሠንጠረዥ ደህና ይመስላል፤ የአቢጃታ መድረቅ ግን ከሠንጠረዡ ይጠፋል። ከማባዛት በፊት ምስሉን ወደ ሰፊ የቁጥር ዓይነት መቀየር ግድ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ራም ነው። የካርታው አንድ ሙሉ ቁራጭ 10 በ10 ዲግሪ ይሸፍናል፤ 40,000 በ40,000 ፒክሰል ማለት ነው። 1.6 ቢሊዮን ፒክሰል። ሦስቱን አንድ ላይ ልክፈት ብትል ተራ ላፕቶፕ ትንፋሽ ያጥረዋል። ራስተሪዮ በሚባለው የፓይተን መሣሪያ ትንንሽ መስኮት እየቆረጡ ማንበብና የየመስኮቱን ቆጠራ መደመር ይበቃል። ድምር በፈለጉት ቅደም ተከተል ቢሠራ አይለወጥም፤ ደስ የሚለው ነገሩ ይሄ ነው።

ከዚያ ወደ ሄክታር። ላንድሳት 30 ሜትር ነው ይባላል፤ ስለዚህ 900 ካሬ ሜትር ብሎ ማባዛት ያምራል። ይህ ካርታ ግን በዲግሪ የተሠራ ነው። አንድ ፒክሰል 0.00025 ዲግሪ ነው። በበሰቃና በአቢጃታ ኬክሮስ ሲሰላ ወደ 760 ካሬ ሜትር ይመጣል። በ900 ያባዛ ሰው ሐይቁን በ18 በመቶ ገደማ አሰፋው ማለት ነው። ሪፖርት ላይ ቁጥሮች የማይገጥሙበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ውጤቱ ራሱ ብዙ አላስገረመኝም። በሰቃ ላይ 133 እና 113 ከ311 እጅግ ይበልጣሉ። አቢጃታ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ከጀርባ ያለውን ምክንያት ፒክሰል አይናገርም። ጥናቶች በበሰቃ በኩል ከመስኖ የሚተርፈውንና ከመሬት በታች የሚገባውን ውሃ ያነሳሉ። በአቢጃታ በኩል ደግሞ ሶዳ አሽ ለተባለው ማዕድን ምርት የሚቀዳው ውሃ አለ፤ አቢጃታን ከሚመግቡት ከዝዋይ ሐይቅና ከቡልቡላ ወንዝ ለመስኖ የሚወሰደውም አለ።

ይበልጥ የያዘኝ አራተኛ ምስል ስጨምር ነው። የደረቀው መሬት አሁን ምን ሆነ? ለዚህ የአውሮፓ ጠፈር ኤጀንሲን የ2021 የመሬት ሽፋን ካርታ፣ ወርልድከቨርን፣ ጨመርኩ። ፒክሰሉ 10 ሜትር ገደማ ነው፤ የእሱ 9 ፒክሰል በውሃው ካርታ 1 ፒክሰል ላይ ልክ ይገባል። ከ9ኙ አንዱን መምረጥ አለብህ። በአማካይ እንዳትሞክረው! በዚህ ካርታ እርሻ 40 ነው፣ ውሃ 80 ነው። የሁለቱ ቁጥሮች አማካይ 60፣ ማለትም ራቁት መሬት። ሐይቁ ዳር እርሻና ውሃ እኩል ለእኩል ገደማ በሚጋሩት ፒክሰል አማካዩ ወደ 60 ይጠጋል፤ የሌለ ራቁት መሬት ይፈለፈላል። የምድብ ቁጥር ስም ነው፣ መጠን አይደለም። ከ9ኙ በብዛት የመጣውን መውሰድ ነው።

አሁን ኮዱ ስድስት አሃዝ ሆነ፤ የፊቱ ሦስት አሃዝ የውሃው ታሪክ፣ የኋላው ሦስት የወርልድከቨር ቁጥር ነው። 311060 ውሃ የነበረ፣ አሁን ራቁት መሬት። 311030 ውሃ የነበረ፣ አሁን ሣር። እንግዳ ረድፎችም ብቅ አሉ። ለምሳሌ 333040። በሦስቱም ዓመታት ቋሚ ውሃ የነበረ፣ በዓመቱ እርሻ። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን «ጥቃቅን ስህተት» ብሎ ይሰርዘዋል። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። እነዚያን ፒክሰሎች ብቻ በቀይ ቀብቼ ኪውጂአይኤስ በሚባለው የካርታ ሶፍትዌር ላይ እከፍታቸዋለሁ። የሐይቁን ዳር ተከትለው እንደ ክር ከተዘረጉ የሁለቱ ካርታዎች ጠርዝ አልገጠመም ማለት ነው፤ መሬቱ ላይ የሆነ ነገር የለም። አንድ ቦታ ላይ ከተጠራቀሙ ግን የሳተላይቱን ፎቶ መክፈት ያስፈልጋል። 2010 ላይ ትይዩ ሰንጥቆች ከታዩ ደግሞ ላንድሳት 7ን ጠርጥሩ። ከግንቦት 2003 ጀምሮ አንድ ክፍሉ ስለተበላሸ ምስሎቹ ባለ ሰንጥቅ ናቸው።

ወርልድከቨርን ከወርልድከቨር ጋር ለማነጻጸር ለምታስቡ አንድ ነገር ልበል። የ2020ው እና የ2021ዱ የተሠሩት በተለያየ የስሌት ስሪት ነው። ሁለቱን ደራርባችሁ የምታገኙት ልዩነት ከፊሉ የመሬቱ ነው፣ ከፊሉ የስሌቱ። ቆጠራው ሁለቱን አይለይላችሁም።

ኮዱ ራሱ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ስድስት አሃዝ በ16 ቢት አይገባም፤ የዚያ ጣሪያ 65,535 ነው። እኔ ወደ 32 ቢት ቀይሬዋለሁ። በዚያ ላይ ሌላ ሦስት ዓመት መጨመር ይቻላል፤ ከዚያ ካለፈ ግን ወደ 64 ቢት መሸጋገር ይሻላል።