የካ አባዶ ያለችውን ቤቴን ሳከራይ የተማርኩት

ለኮንዶሚኒየም የተመዘገብኩት በ1997 ነው። በ2005 ድጋሚ ምዝገባ ሲጠራ የ20/80 (ሃያ በመቶው ተቆጥቦ ቀሪው በባንክ ብድር የሚከፈል) ባለ ሁለት መኝታ መርጬ በየወሩ 561 ብር ንግድ ባንክ አስገባ ጀመር። ነርስ ነኝ። ያኔ ከደሞዜ ላይ ይቺን ማንሳት ቀላል አልነበረም። በ2007 ዕጣው ወጣልኝ፦ የካ አባዶ፣ ሦስተኛ ፎቅ። እናቴን ብቻዋን ጉለሌ ትቼ መሄድ አልሆነልኝምና ቤቱን ለማከራየት ወሰንኩ።

ቁልፍ ስረከብ ቤቱ ገና ነው። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ኩሽናው ባዶ። ብድሩ የቤቱን ዋጋ እንጂ ሴራሚክና ቀለም አይሸፍንም። ያወጣኝ የመሥሪያ ቤታችን ዕቁብ ነው፤ በወር 1,500፣ ሠላሳ ሰው። ቀድሞ የደረሳት ጓደኛዬ ተራዋን ለቀቀችልኝ፣ ዋስም ሆነችኝ። ውለታዋን መቼም አልረሳም። በ45,000ው ቤቱ ሰው የሚገባበት ሆነ።

ለባንክ በወር 1,900 አካባቢ እከፍላለሁ። ደላላው 2,800 የሚከፍል ሰው አመጣ። ቀሪዋን 900 ብር ትርፍ ብዬ ቆጠርኳትና ወደ ዕቁቡ አዞርኳት። ትልቁ ስህተቴ ይሄ ነው።

ተከራዩ የገባው በቃል ስምምነት ነበር። በሰባተኛው ወር የውሃ ዕዳ ትቶ ወጣ። ቤቱ ሁለት ወር ባዶ ዋለ፤ ባንክ ደግሞ አይጠብቅም። አዲስ ሰው በገባ በሳምንቱ ማታ ስልክ ተደወለ። ከታች ያሉት እናት ናቸው። «ልጄ፣ መታጠቢያ ቤቴ ላይ ውሃ እየወረደብኝ ነው።» ስደርስ ከጣሪያቸው ሥር ሳፋ ደቅነዋል። የግድግዳቸው ቀለም አብጦ ይላጣል። የእኔ ሴራሚክ ተፈልፍሎ ሲታይ ከሥሩ ያለው የቧንቧ መጋጠሚያ ላልቷል። የእኔንም የእሳቸውንም ለማሳደስ 7,000 ብር ወጣ። ተበድሬ ነው የከፈልኩት።

ከዚያ ወዲህ ለቤቱ ለብቻው የባንክ ደብተር አለኝ። ኪራዩ እዚያ ይገባል፣ የብድሩ ክፍያ ከዚያ ይወጣል፣ ከኪራዩ አሥር በመቶ ደግሞ አይነካም። ትንሽ ትመስላለች፤ ግን በየወሩ ስትጠራቀም ቧንቧም፣ ባዶ ወርም ትችላለች።

በ2011 አንድ አስተማሪ ከነቤተሰቡ መጣ። ደላላው ሌላ ሰው 3,800 ይሰጣል አለኝ። እኔ ለአስተማሪው በ3,500 ሰጠሁት፤ በጽሑፍ ተዋውለን፣ የቆጣሪውን ንባብ ሳይቀር አስፍረን። ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። 300 ብር ልዩነት በዓመት 3,600 ነው። ቤቱ አንድ ወር ባዶ ከዋለ 3,500ው ወዲያው ሄደ፤ የደላላና የቀለም ሲጨመርበት ከዓመቱ ጭማሪ ይበልጣል። ኪራይ ስጨምርም ቀድሜ አማክሬው ነው። ይኸው እስከ ዛሬ አለ። ቧንቧ ሲንጠባጠብ በዕለቱ ይደውልልኛል።

በ2016 የቤት ኪራይ አዋጁ ሲወጣ የማውቃቸው አከራዮች ተጨነቁ። ውሉ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ይመዘገባል፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። እኔ ብዙም አልከበደኝም፤ ውሉም የባንክ መዝገቡም ነበረኝ። ግብሩንም ቢሆን አትፍሩት። የመጀመሪያውን ሳስታውቅ የሒሳብ መዝገብ ስለማልይዝ ከኪራዩ ግማሹ ለወጪ ተቀንሶልኝ፣ ግብሩ የተሰላው በቀሪው ነው። ግብር የሚታወቅበት ሐምሌ ሲገባ ግን እንዳትዘናጉ። ቅጣቱ ያማል።

ባለፈው ክረምት የኩሽናው ሲንክ ተሰነጠቀ። አስተማሪው ጠዋት ደወለ፣ ከሰዓት ባለሙያ ላክሁ። ገንዘቡ ከዚያችው ደብተር ወጣ። ደሞዜ አልተነካም።