መጀመሪያው የት እንደሆነ ማን ወሰነው?

ሐዋሳ በምንሠራበት ላቦራቶሪ፣ ከፍሪጁ በላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ሥዕሉ ቀላል ነው። ከታች ከግራ ተነስቶ ወደ ላይ ወደ ቀኝ መውጣት የነበረበት አንድ መስመር ለሁለት ተቆርጧል። አንዱ ቁራጭ ከላይ በግራ በኩል፣ ሌላው ከታች በቀኝ በኩል ቆሟል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ስገባ መጀመሪያ የማየው እሱን ነበር። ትልቅ ግኝት ነው ብዬ አምኜበት ነበር።

የምንሠራው ባክቴሪያን በሚያጠቁ ቫይረሶች ላይ ነው። ፋጅ ይባላሉ። የሰውን ሕዋስ አያጠቁም፤ የሚፈልጉት ባክቴሪያን ብቻ ነው፣ እሱንም እየመረጡ። ፌሊክስ ዴሬል እ.ኤ.አ. በ1917 ስማቸውን ካወጣላቸው ጀምሮ ለሕክምና ሲታሰቡ ኖረዋል። መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ሆስፒታሎችን ባስጨነቀበት በዚህ ጊዜ ደግሞ እንደገና ተፈላጊ ሆነዋል። እኔም ይህን ሥራ የምወደው ለዚሁ ነው።

ከጥቁር ውሃ ወንዝ ውሃ ቀድተን፣ አጣርተን፣ ኢ. ኮላይ ከሚባለው ባክቴሪያ ጋር ሳህን ላይ እናፈሳለን። ባክቴሪያው ሌሊቱን አድጎ ሳህኑን እንደ ስስ ጉም ይሸፍነዋል። ፋጅ ያረፈበት ቦታ ግን ጉሙ ይበሳል። ክብ፣ ጥርት ያለች ቀዳዳ ትወጣለች፤ ሳህኑን ወደ መስኮት ብታነሱት ብርሃኑ በእሷ በኩል ያልፋል። ካገኘናቸው ውስጥ ሁለቱን፣ 4 ቁጥርንና 9 ቁጥርን፣ መርጠን ዲኤንኤያቸው እንዲነበብ ውጭ አገር ላክን። ውጤቱ ሲመጣ ሁለቱም የቲ4 ዘመዶች ሆነው ተገኙ። ቲ4 በዚህ ሙያ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የኢ. ኮላይ ፋጅ ነው። ጂኖሙ፣ ማለትም መላው ዲኤንኤው፣ 168,903 ፊደል አለው።

የአንዱን ጂኖም በሥዕሉ ግርጌ፣ የሌላውን በጎኑ ዘርግቼ፣ ፊደሎቻቸው በተመሳሰሉበት ቦታ ሁሉ ነጥብ ሳስቀምጥ ነው ያ የተቆረጠ መስመር የወጣው። ፊደሎቹ በጣም ይመሳሰላሉ፤ ቅደም ተከተሉ ግን ተለዋውጧል። የአንደኛው የፊት ክፍል በሌላው ከኋላ ሆኗል። እንግዲህ ጂኖሙ በአንድ ወቅት ተቆርጦ ቁራጮቹ ቦታ ተለዋውጠዋል ብዬ ደመደምኩ። ለማስተርስ ተማሪዬም የመመረቂያ ጽሑፏን አንድ ምዕራፍ በዚህ ዙሪያ እንድትጽፍ ነገርኳት። ለአንድ ጉባኤም አጭር ጽሑፍ ላክን።

አንድ ከሰዓት መብራት ሄደ። ኮምፒውተሩ ስለጠፋ ተማሪዬ ወረቀቱን ከግድግዳው ነቅላ መስኮቱ አጠገብ ለጋሼ ታስረዳቸው ጀመር። ጋሼ የላቦራቶሪ ባለሙያችን ናቸው። ሳህን ማፍሰስ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ዝም ብለው ሰሟትና ወደ እኔ ዞሩ።

«ይሄ ፋጅ መጀመሪያው የት እንደሆነ ማን ወሰነው?»

«ሶፍትዌሩ ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«ሶፍትዌሩ በምን አወቀ?»

መልስ አልነበረኝም። እሳቸው የወረቀቱን ነጭ ጠርዝ በጥንቃቄ ወደ ውስጥ አጠፉት። ከዚያ የግራውን ጫፍና የቀኙን ጫፍ አገናኝተው እንደ ቱቦ ጠቀለሉትና በአውራ ጣታቸው ያዙት። ከታች በቀኝ በኩል የነበረው ቁራጭ መጨረሻው ከላይኛው ቁራጭ መጀመሪያ ጋር ገጠመ። መስመሩ አንድ ሆነ። ስብራት የለም።

«እናንተ ዓመቱን ከመስከረም ትጀምራላችሁ» አሉ። «እኛ ሲዳማዎች አያንቶዎቹ ኮከብ አይተው ፊቼ ጫምባላላ ደርሷል ሲሉን እንጀምራለን። ፈረንጆቹ በጃንዋሪ። ክረምቱ ቦታውን ቀየረ የሚል ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም።»

ሆዴ ባዶ ሆነ። ምክንያቱም ነገሩን አውቀዋለሁ። ተምሬዋለሁ፣ አስተምሬዋለሁም። የቲ4 ዓይነት ፋጅ በባክቴሪያው ውስጥ ሲራባ ጂኖሙን ደጋግሞ እያስቀጠለ እንደ ረጅም ገመድ ይሠራዋል። ከዚያ የፋጁን ራስ እንደ ጆንያ ይሞላዋል። ጆንያው ሲሞላ ይቆርጣል፤ ቀጣዩ ጆንያ ፊተኛው ካቆመበት ይጀምራል። አንድ ጆንያ የሚይዘው ደግሞ ከአንድ ሙሉ ጂኖም ጥቂት በመቶ ይበልጣል። ስለዚህ መነሻው በየራሱ እየተንሸራተተ ይሄዳል። አንድ ጠብታ ውስጥ ያሉት ፋጆች ሁሉ ያው ጂኖም አላቸው፣ የሚጀምሩበት ቦታ ግን የተለያየ ነው። ማሽኑ ያነበበውን ቁርጥራጭ ሶፍትዌሩ ሲገጣጥም ክብ ሆኖ ይመጣለታል። ክብ ነገር ፋይል ላይ በአንድ መስመር መጻፍ ስላለበት ሶፍትዌሩ ያጋጠመው ቦታ ላይ ይቆርጠዋል። 4 ቁጥርን አንድ ቦታ፣ 9 ቁጥርን ሌላ ቦታ ቆርጦታል። እኔ ያየሁት «ግኝት» ይኸው የመቀስ ምልክት ነው።

ሁሉም ፋጅ እንዲህ አይደለም። ላምዳ የሚባለው ለምሳሌ ጫፎቹ ቋሚ ናቸው፤ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ነው የሚቆረጠው። ስለዚህ ከማነጻጸር በፊት የያዝነው ፋጅ የትኛው ዓይነት እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም። ሥዕሉ ስላማረኝ ነው።

ለተማሪዬ መንገር ከሁሉ ከበደኝ። 11 ገጽ ጽፋለች። «ምዕራፉ እንዲሁ መቆም አይችልም፣ ጥፋቱም የእኔ ነው» አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ «እሺ መምህር፣ ከየት እንጀምር?» አለች። ለጉባኤው የላክነውን በማግስቱ ምክንያቱን ጽፈን አስወጣነው። ለአማካሪ ኮሚቴዋም ደብዳቤውን በራሴ ስም ጻፍኩ፤ በእሷ ላይ ምንም እንዳይደርስባት ብዬ።

ሥራው ራሱ ግማሽ ቀን አልፈጀም። በቲ4 ላይ የሚሠሩ ሰዎች ካርታውን አር ቱ ኤ ከሚባለው ዘረመል መጀመር ልማዳቸው ነው። ሁለቱንም ከዚያው ከፈትናቸው። 9 ቁጥር በግልባጭ አለመነበቡንም አረጋገጥን፤ አቅጣጫው ቢገለበጥ ኖሮ መስመሩ ወደ ታች ይወርድ ነበር። አዲሱ ሥዕል ወጣ። ከጥግ እስከ ጥግ ቀጥ ያለ መስመር። በቫይረስ ምደባ መስፈርት ሁለት ፋጆች ሙሉ ጂኖማቸው ተነጻጽሮ ከ95 በመቶ በላይ ከተመሳሰሉ አንድ ዝርያ ናቸው። የእኛዎቹ መስፈርቱን አልፈዋል።

ከዚያ ነው ተማሪዬ መስመሩ ላይ አንዲት ክፍተት ያየችው። ትንሽ ናት፤ በድሮው ሥዕልም ነበረች፤ ስብራቱን ስናይ እሷን ማንም ልብ አላላትም። ቦታውን ከፍተን ዘረመሎቹን አንድ በአንድ ስናነብ የጭራ ክር የሚሠራው ዘረመል መጨረሻ ሆኖ ተገኘ። ቲ4 ስድስት ረጃጅም የጭራ ክሮች አሉት። ባክቴሪያውን መጀመሪያ የሚዳስሰውና የሚለየው የእነዚህ ክሮች ጫፍ ነው። ዘመዳሞች ፋጆች ሌላው ነገራቸው ሁሉ ተመሳስሎ እዚህ ላይ መለያየታቸው የተለመደ ነው፤ እርስ በርስ ቁራጭ የሚዋዋሱበት ቦታ ነውና። ጫፉ ከተለየ ደግሞ የሚይዙት ባክቴሪያ ሊለይ ይችላል።

ጋሼ ያኔውኑ ተነሱ። ፍሪጅ ውስጥ ካሉን የኢ. ኮላይ ዓይነቶች ስምንት ሳህን አፈሰሱ። እያንዳንዱን በማርከር መሃል ለመሃል ከፍለው በግራ 4፣ በቀኝ 9 ብለው ጻፉ። ጠብታ ጠብታ አስቀምጠን ወደ ቤት ሄድን።

በነጋታው ጠዋት ተማሪዬ ቀድማን ገብታለች። ሳህኖቹን መስኮቱ ሥር ደርድራቸዋለች። በስድስቱ ላይ ሁለቱም ጠብታዎች ጉሙን በስተዋል። በቀሩት ሁለት ሳህኖች ግን በግራ በኩል ጥርት ያለ ክብ አለ፣ በቀኝ በኩል ጉሙ እንዳለ ነው። አንዱን አንስታ ወደ ብርሃኑ ያዘችልን።