ከሰባቱ ክሶች አንዷ

በ2013ቱ ስድስተኛው አገራዊ ምርጫ ሰሞን ደሴ ላይ አንዲት ተወዳዳሪን ለክርክር የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ። አዋጅ አገላብጣለሁ፣ ማስረጃ እሰበስባለሁ።

አዳራሹ ሞልቷል። ተፎካካሪዋ ማይኩን እንደያዘ ክሱን አከታተለው፤ ሰባት ቆጠርኩ። ከሁሉ የከፋው «እነዚህ ካሸነፉ ቤታችሁን ለልጃችሁ አታወርሱም፤ መሬት የመንግሥት ነው ብለው በፕሮግራማቸው ጽፈዋል» ያለው ነው። ፊት የተቀመጡት አዛውንቶች እርስ በርስ ተያዩ። አይፈረድባቸውም። በ1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ናቸው።

ለመልስ የተሰጠን 3 ደቂቃ ነው። ተወዳዳሪያችን ሰባቱንም በተራ ልትመልስ ወረቀቷ ላይ ጽፋ ነበር። ስድስቱን ሰርዤ የቤቱን አስቀረሁላት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ክርክር ላይ ግን ማደሪያ ጊዜ የለም።

ስትነሣ ሰውየውን አልዘለፈችም፤ ክሱንም አልደገመችውም። «አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ አብሽሩ። የሠራችሁት ቤት የእናንተ ነው፤ ለልጃችሁም ታወርሳላችሁ» ብላ ጀመረች። «መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው የተባለው እውነት ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ላይ ተጽፏል። እዚያው አንቀጽ ላይ ደግሞ ይኼ አለ» አለችና ምልክት ያደረግሁበትን ገጽ ገልጣ ንዑስ አንቀጽ 7ን ሳትቸኩል አነበበች፦ ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በገነባው ላይ ሙሉ መብት አለው፤ መሸጥም ማውረስም ይችላል። ቀጥላ የፕሮግራማችንን የመሬት ክፍል ለክርክሩ መሪ አቀበለች፤ «እርስዎ ያንብቡልን» አለች። አነበቡት። በቀረው ጊዜ ወደ ራሷ አጀንዳ፣ ወደ ከተማው ውሃ ዞረች።

ያዳናት ያችን ግማሽ እውነት መቀበሏ ነው ብዬ አምናለሁ። ብትክድ ኖሮ ተፎካካሪዋ አንቀጹን አውጥቶ እሷኑ ውሸታም ያደርጋት ነበር።

የቀሩትን ስድስት ክሶች በማግስቱ ከነማስረጃቸው በአንድ ገጽ አትመን አደልን።

ኮምቦልቻ ላይ በተደረገው ቀጣይ ክርክር ተፎካካሪዋ የቤቱን ነገር አላነሣም። መሬታቸው ለልማት ለሚወሰድባቸው ገበሬዎች የሚከፈለው ካሳ ያንሳል፣ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ ሲል ጠየቀ። ተገቢ ጥያቄ ነው። አብዛኛውን ሰዓት በእሱ ላይ ተከራከሩ፤ ሕዝቡም ከልቡ አዳመጠ።