የቤተሰብ ፎቶ ያለበት ድሪቶ እንዴት ሠራሁ

ፎቶ ጨርቅ ላይ ለማተም ያሰበ ሰው ከሁሉ በፊት ስለ ቀለሙ ይጠይቅ። ሌላው ሁሉ በኋላ ይደረስበታል። ደብረ ብርሃን ላይ ለቤተሰቤ ድሪቶ ስሠራ ብዙ ነገር ተምሬያለሁ፤ ከሁሉም የሚበልጠው ግን ይሄ ነው።

አያቴ የመንዝ ሰው ናት። ሳጥኗ ውስጥ ያሉት ፎቶዎች ጠርዛቸው እየተበላ፣ እርስ በርሳቸው እየተጣበቁ ነበር። ከሥራቸው ደግሞ ያረጁ የሐበሻ ቀሚሶች አሉ። ጨርቃቸው ሳስቷል፣ ጥለታቸው ግን አሁንም ደማቅ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ላውላቸው አሰብኩ። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የጥቅምትና የኅዳርን ውርጭ የቀመሰ ያውቀዋል። እዚህ የሚደረብ ነገር ሥራ አይፈታም። ስለዚህ ድሪቶው የሚለበስና የሚታጠብ እንዲሆን ወሰንኩ።

መጀመሪያ የሄድኩት ቲሸርት ወደሚያትሙ ቤቶች ነው። ሰብሊሜሽን የሚባለው አሠራር ለፖሊስተር እንጂ ለጥጥ አይሆንም። ቀለሙ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሆነ ሙቀት ተንኖ ፖሊስተሩ ውስጥ ይገባል፤ ጥጥ ግን አይዘው። ትራንስፈር ወረቀት፣ ማለትም ምስሉ መጀመሪያ ታትሞበት በሙቀት ወደ ጨርቁ የሚገለበጠው፣ ጥጥ ላይ ይሠራል፤ ነገር ግን ጨርቁ ላይ እንደ ስስ ላስቲክ ይቀመጣል። ለቲሸርት ምንም አይልም። ለሚሰፋና ለሚተኮስ ድሪቶ ግን ይደርቃል፣ ካውያ ሲነካው ይቀልጣል። ተውኩት።

የቀረው ጨርቁን ራሱን ፈሳሽ ቀለም እየረጨ የሚያትም ኢንክጄት ፕሪንተር ውስጥ ማስገባት ነው። የኢንክጄት ቀለም ሁለት ዓይነት ነው፤ ዳይና ፒግመንት። ዳይ ውሃ ውስጥ የሟሟ ቀለም ስለሆነ ውሃ ሲያገኝ መልሶ ይሄዳል። ፒግመንት የማይሟሙ ደቃቅ ቅንጣቶች ነው፤ የጨርቁ ክር ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ፎቶ ቤቶች ውስጥ የማያቸው ባለታንክ ፕሪንተሮች ብዙዎቹ በዳይ ነው የሚሠሩት። በሁለቱም ቁራጭ ጨርቅ አሳትሜ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከርኳቸው። የዳዩ ወዲያው ውሃውን ሐምራዊ አደረገው፣ የፎቶው ፊት ደበዘዘ። የፒግመንቱ ነቅነቅ አላለም። ኮምጣጤና ጨው ቀለም ያስይዛል ብለው የመከሩኝ ነበሩ፤ ሞከርኩት፣ ለዚህ ቀለም አልሠራም። እናንተም የአያታችሁን ፎቶ ከማሳተማችሁ በፊት ቁራጭ አትማችሁ እጠቡ።

ለጨርቁ አቡጀዲ መረጥኩ፤ ሽመናው ጥቅጥቅ ያለውንና ነጩን። ፕሪንተር ነጭ ቀለም የለውም። ፎቶው ላይ ነጭ የሚሆነው ጨርቁ ራሱ ነው፤ ቢጫነት ያለው አቡጀዲ የሰውን ፊት ያጠቁራል። ንጹሕ ጥጥ መሆኑን ለማወቅ አንድ ክር መዝዛችሁ አቃጥሉ። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ልል አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ይቀልጥና ጠንካራ እንክብል ይሠራል። ከዚያ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡት። አዲስ አቡጀዲ ስታርች አለው፣ ሲታጠብም ይሰበሰባል። ከታተመ በኋላ ከሚሰበሰብ ይልቅ ቀድሞ ቢሰበሰብ ይሻላል።

ጨርቅ ብቻውን ፕሪንተር ውስጥ አይገባም፤ የሚያቆመው ነገር ይፈልጋል። ውጭ አገር በካውያ የሚጣበቅ አንድ ፊቱ የተለሰነ የምግብ መጠቅለያ ወረቀት ይጠቀማሉ። እኔ የተጠቀምኩት ማንኛውም የጽሕፈት መሣሪያ ቤት የሚሸጠውን ኤ4 ስቲከር ወረቀት ነው። ጀርባውን ልጬ አቡጀዲውን ለጠፍኩበት፣ በማስመሪያ ጫን ብዬ አሻሸሁት፣ ከዚያ ከነወረቀቱ በ21 በ29.7 ሴንቲ ሜትር ቆረጥኩት። ጠርዙ ላይ የተንጠለጠለች ክር ካለች በመቀስ ትቆረጥ። አንዲት ክር የፕሪንተሩ ራስ ሥር ከገባች ቀለሙን ፊት ላይ ትጎትተዋለች። ፒግመንት ፕሪንተር ያለው የሰፈራችን ልጅ ጨርቁን ሲያይ፣ «እትዬ፣ ማሽኑ ቢውጠውስ?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ የሥራ መሣሪያው ነው። ከኋላ ወረቀት የሚቀበል ስለነበር ጨርቁ ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ አለፈ። ከሥር ወረቀት ስቦ የሚያጥፍ ፕሪንተር ላይ አልሞክረውም ነበር።

ፎቶዎቹን ስካን ያደረግኩት በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ነው፤ ትንንሾቹን ጉርድ ፎቶዎች ስለማሳድጋቸው በ600። ጨርቅ ቀለም ይጠጣል፣ ፎቶው ከስክሪኑ ይልቅ ይጠቁራል። ስለዚህ ብርሃኑንም ኮንትራስቱንም ከፍ አደረግኩ። ዙሪያውን ለስፌት የሚሆን ባዶ ቦታ መተው አትርሱ፤ እኔ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ተውኩ።

በፎቶዎቹ መሐል የሚገቡትን ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ራሴ ሣልኳቸው። በብራና መጻሕፍት ራስጌ የምናየውን የሐረግ ጌጥ ይመስላሉ፤ እርስ በርሱ እየተጠላለፈ የሚሄድ መስመር። ወረቀት ላይ ያማረ ቀጭን መስመር ጨርቅ ላይ ፈሰስ ይላል፣ መጠላለፊያው ይደፈናል። መስመሩንም፣ በመስመሮቹ መካከል ያለውንም ክፍተት ሳሰፋው ጥርት ብሎ ወጣ። ከድሪቶው ሁሉ እሱን ነው የምወደው።

የታተመውን ከነስቲከሩ አሳደርኩት። በማግስቱ ስቲከሩን ልጬ፣ ንጹሕ ጨርቅ ደርቤ፣ ያለ እንፋሎት በደረቅ ካውያ ተኮስኩት። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ትንሽ ሳሙና፣ ጥላ ላይ ማድረቅ።

ስፌቱ ላይ የሚያስቸግረው ጥለቱ ነው። የእጅ ሽመና ልል ስለሆነ መኪናው ሥር ይሳባል፣ ጠርዙም ይተረተራል። ከጀርባው በካውያ የሚለጠፍ ስስ ገበር አደረግኩለትና ከአቡጀዲው እኩል ቆመ። መሐሉ ላይ የመንዝ ባና፣ ያንን ከበግ ፀጉር የሚሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ላስገባ አስቤ ነበር። ሙቀቱ ተወዳዳሪ የለውም፤ ግን ለስፌት መኪናዬ ከበደ፣ በሳሳ አሮጌ ብርድ ልብስ ተካሁት። መርፌው አዲስና ቀጭን ይሁን፤ ቀለም የተቀባ ጨርቅ ላይ የተበሳ ቀዳዳ ይታያል። ሦስቱን ድርብ፣ ፊቱን፣ መሐሉንና ጀርባውን፣ የሚያያይዘው ስፌት በፎቶው ዙሪያ ይሂድ እንጂ በሰው ፊት ላይ አይለፍ።

አሁን የምናጥበው በእጅ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ነው። በረኪና አይነካውም፣ ፀሐይ ላይም አይሰጣም። ከየፎቶው አንድ አንድ ትርፍ አትሜ አስቀምጫለሁ፤ አንዱ ቢደበዝዝ ያንኑ ቁራጭ ፈትቼ እተካዋለሁ። ዋናዎቹ ፎቶዎች በየፖስታቸው ሆነው፣ ከጀርባቸው የማን እንደሆኑ አያቴ እየነገረችኝ በእርሳስ ጽፌባቸው ወደ ሳጥኗ ተመልሰዋል።