ማን ምን እንዳነበበ አላውቅም

ባሕር ዳር ውስጥ ፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ አለኝ። ሁለት ደንበኛ ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ ነው የሚጠብቀው። ስለ መንግሥት ሥልጣንና ስለ ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለማንም ክፍት ስለሆነ ሶፍትዌር) አፌን ከከፈትኩ የሚያስቆመኝ የለም፤ ጓደኞቼ "አንተ ሊኑክስን ካልጠራህ ቡናው አይወርድልህም" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። የዛሬው ወሬዬ ግን ዞሮ ዞሮ እኔኑ የሚነካ ነው።

ነገሩ የጀመረው በ2012 ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በኛው አቆጣጠር እየጻፍኩ ነው። ሰኔ 22 ማታ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ላይ ተገደለ፤ በማግስቱ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ጠፋ። ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ሦስት ሳምንት ገደማ ፈጀ። ከዚያ በፊት በነበረውም ዓመት፣ ሰኔ 2011፣ በአገር አቀፍ ፈተና ሰሞን፣ ከዚያም ከሰኔ 15ቱ ግድያ በኋላ ተቋርጦብን ስለነበር ለምደነዋል ማለት ይቻላል። ትምህርት ቤቶች በኮሮና ተዘግተው ነበር። አንዲት የአሥረኛ ክፍል ልጅ መጥታ "ስለ ልብ አሠራር የሆነ ነገር አትምልኝ" አለችኝ። አምስት ኮምፒውተርና ሁለት ፕሪንተር ደርድሬ፣ የማትምላት አንድ ገጽ አልነበረኝም። ከኋላዬ ግድግዳው ላይ "የኢንተርኔት አገልግሎት እንሰጣለን" የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

ኢንተርኔቱ ሲመለስ መጀመሪያ የፈለግኩት ኪዊክስን ነው። ኪዊክስ ኦፕን ሶርስ ፕሮግራም ነው፤ ዊኪፒዲያን የሚያህል ነገር በአንድ ፋይል ጠቅልሎ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። ፋይሉ ዚም ይባላል። እንግሊዝኛው ከነሥዕሉ ከ80 ጊጋባይት ይበልጣል። የአማርኛው 15 ሺህ ያህል ጽሑፍ ብቻ ስላለው አንዲት ተራ ፍላሽ ላይ ተቀምጦ ቦታ ይተርፈዋል። ልዩነቱን በጊጋባይት ስታየው ያማል።

ትልቁን ፋይል ለማውረድ ሌሊት ሌሊት ሱቅ ሳድር ከረምኩ። ሁለቴ በብሮውዘር ሞከርኩ፤ ሁለቴም መንገድ ላይ ተቆረጠ። በሦስተኛው በቶረንት አወረድኩት። ቶረንት ሲቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል፣ እያንዳንዷን ቁራጭ እየፈተሸ ነው የሚቀበለው፤ ከመጀመሪያው እንደዚያ ማድረግ ነበረብኝ። ፍላሽ ላይ ልገለብጠው ስል ደግሞ አልገባም አለ። ፋት32 የሚባለው የፍላሽ የፋይል አደራደር ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም። ይህን ለሌላ ሰው መቶ ጊዜ አስረድቻለሁ፤ የራሴ ሲሆን ግን ግማሽ ቀን ፍላሹ ተበላሽቶ ነው ብዬ ስረግም ዋልኩ።

ሰርቨሩ፣ ማለትም ፋይሉን በዋይፋይ ለሰው ስልክ የሚያቀርበው ማሽን፣ ደንበኛ ለጥገና ትቶት ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይወስደው የቀረ ላፕቶፕ ነው። ኪቦርዱ ግማሹ አይሠራም፣ ስክሪኑ ተሰንጥቋል። በዊንዶውስ ፋንታ ዴቢያን የተባለ ሊኑክስ ጫንኩበት፣ በላዩ ኪዊክስን፣ ከፊቱ ገጾቹን ለስልኮች የሚያቀብለውን ኤንጂንኤክስን፣ ስልኮቹ አድራሻ እንዲያገኙ ደግሞ ዲኤንኤስማስክን። ለአንዱም ብር አልከፈልኩም፣ ለአንዱም ፈቃድ አልጠየቅኩም፤ ነገ አገር ቢዘጋ ከውጭ ሆኖ የሚቆልፍብኝም የለም። የተሰነጠቀ ላፕቶፕን ከባለ ብዙ ሚሊዮን ድርጅት ጋር እኩል የሚያደርገው ይሄ ነው ብዬ በየቡናው ሳወራ ነበር የከረምኩት፤ አሁንም አልመለስም።

መብራት ሲጠፋ ግን ፍልስፍናው አብሮ ይጠፋል። የመኪና ባትሪ ገዛሁና ራውተሩን በቀጥታ ሰካሁት። ባትሪው 12 ቮልት ነው፣ ራውተሩ 9። ሽታው ሳምንት ሙሉ ከሱቁ አልወጣም። ቀጣዩን ስገዛ ከጀርባው የተጻፈውን ቮልት ነው መጀመሪያ ያየሁት፣ ዋጋውን በኋላ።

የዋይፋዩን ስም "የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት" ልለው ፈልጌ አልገባም አለ። የዋይፋይ ስም ከ32 ባይት መብለጥ አይችልም፤ የኛ ፊደል በዩኒኮድ (የዓለምን ፊደል ሁሉ ለኮምፒውተር በሚያስማማው ሥርዓት) ሲጻፍ አንዱ 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ ከአሥር ፊደል አታልፍም። ፊደላችን በ1999 እንደ ፈረንጆቹ ዩኒኮድ 3.0 ላይ ገባ ብለን የተደሰትን ሰዎች፣ ስም ስናወጣ አሁንም ፊደል ቆጥረን ነው። "ነፃ ቤተ መጻሕፍት" ዘጠኝ ፊደል ሆኖ ገባልኝ።

ሦስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ከጥቂት ተማሪ በቀር የሚጠቀምበት አልነበረም። ስልኮች "ኢንተርኔት የለውም" እያሉ ከኔ ዋይፋይ እየወጡ ወደ ዳታቸው ይመለሱ ነበርና ሰውም ይሰለቻል። ሐምሌ መጨረሻ 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ በክልላችን የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ግን ወደ ኋላ የሚመለሱበት ጠፋ። ከሱቄ አጠገብ ጀበና ቡና የምታፈላው ሴት በርጩማ ጨመረች። ልጆች፣ ነርሶች፣ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ሁሉም ስልካቸው ላይ አቀርቅረው። ሕክምናን የሚመለከተውን የዊኪፒዲያ ጥቅል ለብቻው ስጨምር ደግሞ ማታ ማታ ከሱቁ ውጭ አጥር ተደግፎ የሚያነብ ሰው ማየት ጀመርኩ።

መስከረም ላይ ሁለት ሰዎች መጡ። ከየት እንደመጡ ነግረውኛል፤ እዚህ አልጽፈውም።

"ይሄ ዋይፋይ ያንተ ነው?"

"አዎ።"

"ኔትወርክ ተዘግቶ አንተ ከየት አመጣኸው?"

ገመድ እንደሌለው አሳየኋቸው፣ ላፕቶፑን ገልብጬ አሳየኋቸው፣ አንደኛው በራሱ ስልክ ገብቶ ስለ ጣና ሐይቅ አነበበ። ደስ ያለው መሰለኝ። ሌላው ግን፦ "እነማን ናቸው የሚጠቀሙት? ምን ምን ነው የሚያዩት?"

"አላውቅም ወንድሜ። አልመዘግብም።"

አመስግነው ሄዱ። ክፉ ቃል አልተናገሩም፣ ማስጠንቀቂያም አልሰጡም። እኔ ግን "አልመዘግብም" ያልኩባት ድምፅ ጆሮዬ ላይ ቀረች። አይቼ ነው እንዴ ያልኩት? ሱቁን ዘግቼ ቁጭ አልኩና የኤንጂንኤክስን የሎግ ማህደር፣ የትኛው ገጽ መቼ እንደተከፈተ የሚመዘገብበትን፣ ከፈትኩ።

ሁሉም አለ። ኤንጂንኤክስ ካልነገርከው በቀር የተከፈተን ገጽ ሁሉ ይጽፋል፤ ዴቢያን ላይ የአሥራ አራት ቀን ሎግ ያስቀምጣል። እኔ ደግሞ አልነገርኩትም። 20:41 ይላል አንዱ መስመር፣ በኛ ማታ 2 ሰዓት ከ41፤ አንድ ስልክ ስለ ኤችአይቪ መድኃኒት አንብቧል። ከዚያ ስለ እርግዝና። ከዚያ እንደገና ስለ መድኃኒቱ፣ ለአሥራ ሁለት ደቂቃ። እስከዚህ ስልኩ የሚታወቀው በተሰጠው የኔትወርክ ቁጥር ብቻ ነው። ዲኤንኤስማስክ ግን የትኛው ቁጥር ለየትኛው ስልክ እንደተሰጠ ሌላ ፋይል ላይ ያስቀምጣል፣ አንዳንድ ስልክ ደግሞ የባለቤቱን ስም ይዞ ነው የሚገባው፣ "የእገሌ አይፎን" እያለ። ሁለቱን ፋይል አጋጠምኳቸው። ማጋጠም አልነበረብኝም፤ አጋጠምኳቸው። ስሙን አየሁት። በየቀኑ ሰላም የምለው ሰው ነው።

ስለ ስለላ ብዙ ያወራሁ ሰው ነኝ። የካቲት 2006 የቶሮንቶው የምርምር ቡድን ሲቲዝን ላብ፣ ሃኪንግ ቲም የተባለው የጣልያን ኩባንያ የስለላ መሣሪያ ውጭ አገር በሚኖሩ የኢሳት ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ላይ መሞከሩን ሲያጋልጥ፣ በዓመት ከመንፈቁም የኩባንያው 400 ጊጋባይት ዶሴ ተዘርፎ ሲበተን፣ ሱቄ ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። የሜሪላንዱን ሰው ጉዳይም እከታተል ነበር፤ ፍርድ ቤት ኪዳኔ በሚል የብዕር ስም የሚያውቀው ትውልደ ኢትዮጵያዊ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም ተጭኖ የስካይፕ ጥሪው ሲቀዳ ቆየ፤ የገባውም በአንድ የዎርድ ፋይል ነው። የኢትዮጵያን መንግሥት ዋሽንግተን ላይ ከሰሰ። የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት መጋቢት 2009 ክሱን ዘጋው፤ በደሉ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ምድር ላይ አልተፈጸመም፣ ስለዚህ የውጭ መንግሥት ያለመከሰስ መብት ይጠብቀዋል ተባለ። ቤቱ ተቀምጦ የተሰለለ ሰው፣ ሰላዩ ሩቅ ስለነበረ ፍትሕ አጣ። ያን ቀን ተናድጄ ነበር። የዞን ዘጠኝ ጦማሪዎች ሚያዝያ 2006 ታስረው፣ ኢንክሪፕሽን (መልእክትን በምስጢር ኮድ መቆለፍ) መሠልጠናቸው የሽብር ክስ ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብም እንደዚያው።

እና እኔ፣ ያን ሁሉ የተናደድኩት ሰውዬ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሰፈሬን ሰው ሕመም በቀንና በሰዓት መዝግቤ ይዣለሁ። በኦፕን ሶርስ። የፕሮግራሙ ኮድ አንድም መስመር የተደበቀ የለውም፤ ዲፎልቱን፣ ካልነኩት በቀር የሚሠራበትን፣ ያላየሁት እኔ ነኝ።

ማስተካከሉ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። የኤንጂንኤክስ ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ ሎግ የሚጽፍበትን መስመር ዘጋሁ፣ የቆዩትን ፋይሎች አጠፋሁ፣ የአድራሻ ዝርዝሩን ላፕቶፑ ሲጠፋ አብሮ እንዲጠፋ ሚሞሪ ላይ አደረግኩት። የኪዊክስን የፍለጋ ሳጥንም ፈተሽኩ። ከዚያ በራሴ ስልክ ገብቼ አንድ ገጽ ከፈትኩና ማህደሩን አየሁ፤ ባዶ ነው። አሁን ለሰው ስተክል መጀመሪያ የማደርገው ይህንኑ ነው፦ እንደ ተጠቃሚ ገብቼ የሆነ ነገር አነባለሁ፣ ከዚያ ምን እንደቀረብኝ ማሽኑ ውስጥ እፈልጋለሁ። ኮዱን ከማንበብ ይልቅ ይሄ ነው የሚያሳየው።

ስለ ፋይዳ ያለኝንም ሐሳብ ለወጠው። ብሔራዊ መታወቂያችን የተሠራው ሞሲፕ በተባለ ኦፕን ሶርስ መድረክ ላይ ነው፤ መነሻው ባንጋሎር ነው፣ ኮዱን ማንም ከፍቶ ማየት ይችላል። በፊት ይህን እየጠቀስኩ "ከኔ ወገን ነው" እል ነበር። አሁንም በአንድ የውጭ ኩባንያ በተቆለፈ ሶፍትዌር ከሚሆን ይህ ይሻላል እላለሁ። ግን ኮዱን ማየቴ ሰርቨሩ ላይ የትኛው መስመር እንደበራና የትኛው እንደተዘጋ አይነግረኝም። የ12 አኃዝ ቁጥሬ ባንክ ስሄድ፣ ሲም ሳወጣ የት የት እንደሚጻፍ፣ ስንት ቀን እንደሚቆይ የሚወስነው ኮድ ጻፊው አይደለም። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 አለ፣ የግል መረጃ ጥበቃው 1321/2016ም ወጥቷል፤ ሁለቱንም አትሜ ሱቅ አስቀምጫለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አድርጉልኝ የሚል ሰው ግን እስካሁን አልመጣም። በአዋጅና በሰርቨር መካከል የሚቀመጥ፣ ከውጭ መጥቶ ማህደሩን ከፍቶ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። እኔ እንኳ ራሴን ያየሁት ሁለት ሰው መጥቶ ስለጠየቀኝ ነው። ጥያቄያቸው ለሌላ ነገር ነበር፤ ቢሆንም ውለታቸው አለብኝ።

ይሄን ሁሉ አስተካክዬ በሁለተኛው ሳምንት፣ አንዲት እናት ሱቄ በር ላይ ስልካቸው ተሰረቀ። ቤተ መጻሕፍቱን ሲጠቀሙ ቆይተው ቦርሳቸው ውስጥ ከተውት ነበር። ዘወር ሲሉ የለም። ልጃቸው ከዩኒቨርሲቲ የላከላቸው ፎቶ ሁሉ እዚያ ላይ ነው። የቡናዋ ሴት ነገረቻቸው መሰለኝ፣ እየሮጡ ገቡና፦ "አንተ ልጅ፣ ያ ኮምፒውተርህ ስልኬ መቼ እንደወጣ፣ ከማን ስልክ ጋር አብሮ እንደነበረ አያውቅም?"

በፊት ቢሆን ያውቅ ነበር። ስልካቸው መጨረሻ ገጽ የከፈተበትን ደቂቃ፣ በዚያው ሰዓት ሲያነብ የነበረውን ሌላ ስልክ፣ ምናልባትም ስሙን። ለምን እንዳጠፋሁት ላስረዳቸው ሞከርኩ። የሰው ምስጢር፣ ሕመም፣ መንግሥት፣ ሁሉንም አልኩ። ነጠላቸውን እያስተካከሉ ሰሙኝ፣ ሲያበቃ፦

"ለሌባውም ጠበቃ ቆመህለታላ" አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። በሩ ላይ ካሜራ አስገባ ብለውኝ ሄዱ። እስካሁን አላስገባሁም፤ ባለፈው ሰሞን ግን ዋጋውን ጠይቄያለሁ።