ከቹንቾን መልስ

ሰሞኑን ሆዴ ባር ባር ሲለው ነው የሰነበተው። ምክንያቱን እንጃ። እሁድ ዶርም መዋል አስጠላኝና በባቡር ቹንቾን የምትባል የደቡብ ኮሪያ ከተማ ሄድኩ። ኮሪያ ዘምተው የነበሩት አባባ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «ኮሪያ ሄደሽ እሱን ሳታዪ እንዳትመጪ» ይሉኝ የነበረው ቦታ ነው። የኢትዮጵያ የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ።

ጣሪያው ጎጆ ቤት ይመስላል። ባዕድ አገር፣ ያውም ውሃ ዳር፣ ጎጆ ሳይ ደነገጥኩ። አዳራሹ የተከፈተው በ1999 ዓ.ም. ነው። ሐውልቱ ግን የቆየ ነው፤ ጃንሆይ ራሳቸው በ1960 ዓ.ም. መጥተው መርቀውታል። እዚያው አካባቢ ከዚያ ዘመን ጀምሮ የኢትዮጵያን ስም ይዞ የኖረ ቡና ቤትም አለ።

ለደቡብ ኮሪያ ሊዋጋ የዘመተውን የኢትዮጵያ ጦር፣ የቃኘው ሻለቃን፣ ታሪክ ታውቁታላችሁ። የመጀመሪያዎቹ በ1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ በመርከብ ተነስተው የኮሪያ ወደብ ቡሳን ወረዱ። በተለያዩ ዙሮች በድምሩ ከ6 ሺህ በላይ ዘመቱ። ከ120 በላይ ሞቱ። አንድም ሰው አልተማረከም። አባባ እዚህ ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን አንስተው «አንድም!» ይሉ ነበር።

እኔን የያዘኝ ግን ውጊያው አይደለም። ወታደሮቹ ከደሞዛቸው አዋጥተው ዶንግዱቾን ላይ ለወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ ከፍተው ነበር። ጦር ሜዳ ላይ ያለ ሰው፣ የራሱ ልጆች አገር ቤት እየጠበቁት፣ ለሌላ ሰው ልጅ ወተት መግዣ ያዋጣል። እነዚያ ሕጻናት በሕይወት ካሉ ዛሬ አዛውንት ናቸው። ስመለስ ባቡር ውስጥ የሽማግሌዎቹን ፊት አንድ በአንድ ሳይ ነበር። ከመካከላቸው አባባ ያቀፉት ልጅ ይኖር ይሆን?

ከዚያ ሐሳቤ አዲስ አበባ ገባ። ደርግ ሲመጣ ወዳጃችን ሰሜን ኮሪያ ሆነች። የትግላችን ሐውልት እንኳን በእነሱ እገዛ ነው የተሠራው። በዚያን ጊዜ «ለደቡብ ተዋግቻለሁ» ማን ይላል? አባባ ሜዳልያቸውን በአሮጌ የነጠላ ቁራጭ ጠቅልለው ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ደበቁት። ልጆቹ ደጅ ላይ ስለ ኮሪያ ካወሩ ይቆጡ ነበር። እኚያ ደፋር ሰው በገዛ ቤታቸው ፈሩ። ይሄ አሁንም ያንገበግበኛል።

አሁን አፍንጮ በር መታሰቢያ ቆሞላቸዋል፤ ደስ ይለኛል። ግን የሁለት አገር ታሪክ ከተባለ የፍርሃቱም ዘመን የታሪኩ አካል ነው። ምስጋናው ብቻውን አይበቃም።

ትልቋ ልጃቸው ሜዳልያውን ለሙዚየም ልስጥ እያለች ነው። ከሰጠች ጨርቁም አብሮ ይሂድ ባይ ነኝ፤ ለምን እንደተጠቀለለም ከሥሩ ይጻፍ። የቸገረኝ ወዴት ይሂድ የሚለው ነው። የተዋጉላቸው ሰዎች ጋ ቹንቾን? ወይስ የተደበቀበት ከተማ፣ አፍንጮ በር? እናንተ ብትሆኑ የት ትሰጡት ነበር?