የአማርኛ ጽሑፍ የሚሸከም አዝራር
ለአንድ የክፍያ ገጽ የሠራሁትን አዝራር በእናቴ ስልክ ላይ ስከፍተው፣ «ክፍያውን ያረጋግጡ» የሚለው ጽሑፍ ለሁለት ተሰብሮ፣ የታችኛው መስመር ከአዝራሩ ጠርዝ ወጥቶ አገኘሁት። ምክንያቱ ቁመቱን በ40 ፒክስል መቆለፌ ነበር፤ እንግሊዝኛው በአንድ አጭር ቃል በሚጨርሰው ቦታ አማርኛው ሁለት ቃል ይጠይቃል። («አረጋግጥ» ቢባል ያጥራል፤ ነገር ግን እናቴን እንዲህ ብዬ አላዛትም፤ «ያረጋግጡ» ደግሞ ወንድም ሴትም ሳይለይ ያገለግላል።) ከዚያ ወዲህ የምወስነው ዝቅተኛውን ቁመት ብቻ ነው፤ በጽሑፉና በጠርዙ መካከል ያለውን የውስጥ ክፍተትም ከፊደሉ መጠን ጋር በሚያድገው፣ ኢኤም (em) በተባለው መለኪያ እለካለሁ።

በላቲን የሚጽፉ ዲዛይነሮች አዝራሩ ጎልቶ እንዲታይ ጽሑፉን በትልልቅ ፊደላት ያደርጉታል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ልዩነት ስለሌለው፣ ይህን የሚያደርገው የሲኤስኤስ (የድረ ገጽን መልክ የሚወስነው ቋንቋ) ትእዛዝ በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ምንም አይለውጥም፤ ዋናውን አዝራር ከተራው የሚለዩት ቀለሙና የፊደሉ ውፍረት ናቸው። ውፍረቱ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ ፎንቱ የራሱ ወፍራም ቅርጽ ከሌለው አሳሹ (ብራውዘሩ) ፊደሉን በግድ ያወፍረዋል፣ በትንሽ መጠን ሲታይም የ«ጨ» እና የ«ጠ» ውስጣዊ ክፍተት ይደፈናል። እኔ የራሱ ወፍራም ቅርጽ ያለውን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን እመርጣለሁ።

በተለመደ መጠን የተጻፈ ጽሑፍና የመደቡ የብርሃን ንጽጽር ቢያንስ 4.5 ለ1 እንዲሆን፣ አካል ጉዳተኞችም ድረ ገጽን እንዲጠቀሙ የወጣው የተደራሽነት መመሪያ (WCAG) ያዛል። በኪቦርድ ብቻ የሚጠቀም ሰው የት እንዳለ የሚያውቀው በአዝራሩ ዙሪያ በሚታየው መስመር ስለሆነ፣ ለውበት ሲባል ይህን መስመር (አውትላይኑን) ማጥፋትን በፍጹም አልቀበልም።